ድንቹ ከየት መጣ? የአኒሜ ምናባዊ ዓለማት አጭር ታሪክ

ጃፓኖች ነገር የሚያበዛ አንባቢን የሚሸነቁጡበት ቃል አላቸው፤ «የድንች ፖሊስ» ይሉታል። ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ደራሲ ግንብና ባላባት፣ ጎራዴና አስማተኛ ያለበት፣ የመካከለኛውን ዘመን አውሮፓ የሚመስል ዓለም ይፈጥራል። ጀግናው ቀኑን ሙሉ ሲጓዝ ውሎ ማደሪያ ቤት ይገባል፤ ትኩስ የድንች ሾርባ ይቀርብለታል። ይኼኔ ከአንባቢዎቹ አንዱ ብድግ ይልና «ቆይ፣ ቆይ! ድንች እኮ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። አውሮፓ የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እዚህ ምን ይሠራል?» ብሎ ይከሳል። ሌሎቹ ደግሞ «ወንድሜ፣ ዘንዶ በሚበርበት አገር አንተን የቸገረህ ድንቹ ነው?» ብለው ይስቁበታል።

ሳቁ ደስ ይላል። ጥያቄው ግን በሳቅ ብቻ የሚታለፍ አይመስለኝም። ድንች ካለ ያመጣው መርከብ አለ። መርከብ ካለ ወደብ፣ ነጋዴና ቀራጭ አለ። ከባሕሩ ማዶም ድንቹን መጀመሪያ ያለማ፣ በኋላ አገሩን የተነጠቀ ሕዝብ አለ። በእኛም ቢሆን ያው ነው። ድንችን በ1858 ወደ ኢትዮጵያ አስገባ የሚባለው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። «የእኛ» ብለን የምንምልበት በርበሬም ዘሩ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ነው። ነገ አንድ ደራሲያችን የላሊበላን ዘመን የሚመስል ምናባዊ ዓለም ፈጥሮ ለንጉሡ ቀይ ዶሮ ወጥ ቢያቀርብ «የበርበሬ ፖሊስ» መነሣቱ አይቀርም።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ነው። የጃፓን አኒሜ ፋንታሲ ዓለማት ለምን እንዲህ ተመሳሰሉ? ያልተመሳሰሉትስ ምን አድርገው ነው ያመለጡት? በዚያውም «ወጥ ሥራ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እናያለን። (ከዚህ በላይም ሆነ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከኦክስፎርድ እስከ ሰንጠረዥ

አንድ ሁለት የፋንታሲ አኒሜ ያየ ሰው ዕቃዎቹን ያውቃቸዋል። ጆሮዋ የረዘመ፣ ዕድሜዋ የማያልቅ ቆንጆ ኤልፍ አለች። ጢሙን ያንዠረገገ፣ መጥረቢያ የተሸከመ ድንክ አለ። አሳማ የሚመስል ኦርክ አለ። ሥራ የሚያከፋፍል የጀብደኞች ማኅበር፣ የመዳብ የብርና የወርቅ ሳንቲም፣ በስተመጨረሻም ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ተቀምጦ ጀግናውን የሚጠብቅ የአጋንንት ንጉሥ አለ። እነዚህን ዕቃዎች ጃፓን አልሠራቻቸውም። መንገዳቸው ረጅም ነው።

የመንገዱ መነሻ ቶልኪን ነው። ቶልኪን በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ እንግሊዝኛ መምህር ነበር። «ሆቢት»ን በ1937፣ «የቀለበቶች ጌታ»ን በ1954 እና በ1955 አሳተመ። የሰውየው አሠራር የተለየ ነው፤ መጀመሪያ የፈጠረው ቋንቋዎችን ነው። ቋንቋ ደግሞ ተናጋሪ ይፈልጋል፤ ተናጋሪ ሕዝብ ታሪክ ይፈልጋል፤ ታሪክም ምድር ይፈልጋል። ዓለሙ እንዲህ እንዲህ እያለ ከቃል ወደ አፈር ወረደ። ልብ በሉ፤ ቶልኪንም ቢሆን ባዶ እጁን አልተነሣም። የድንኮቹን ስም ዝርዝር ያገኘው ከጥንት የአይስላንድ ግጥም ውስጥ ነው። ከፊንላንድ ተረትም፣ ከጥንት እንግሊዝኛም ወስዷል። የወሰደውን ግን እስከ ሥሩ ቆፍሮ ነው የወሰደው።

በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የተባሉ አሜሪካውያን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ አወጡ። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ፣ ዛር እየወረወሩ፣ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ጨዋታ ሕግ ይፈልጋል፤ ሕግ ደግሞ ቁጥር ይፈልጋል። ስለዚህ የራሱ ቋንቋና የራሱ ኀዘን የነበረው ሕዝብ በሰንጠረዥ ላይ አንድ ረድፍ ሆነ፤ ኤልፍ፤ ጉልበት ይህን ያህል፣ ቅልጥፍና ይህን ያህል። ይህ ስድብ አይደለም። ጨዋታው ሚሊዮኖችን ያስደሰተው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን በዚህ ሽግግር ውስጥ አንድ ነገር ጠፋ። ሰንጠረዥ «ስንት ነው?» ለሚል ጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ «ለምን?» ለሚለው ግን መልስ የለውም።

ስድሳ አራት ኪሎባይት

በ1981 «ዊዛርድሪ» እና «አልቲማ» የተባሉ ሁለት የኮምፒውተር ጨዋታዎች በአሜሪካ ወጡ። ሁለቱም የዚያ የጠረጴዛ ጨዋታ ልጆች ናቸው። በጃፓን ዩጂ ሆሪ የተባለ ወጣት ጨዋታ ሠሪ በሁለቱ ፍቅር ወደቀና፣ ለልጆችም የሚሆን ቀለል ያለ ነገር ልሥራ ብሎ ተነሣ። በግንቦት 1986 «ድራገን ኩዌስት» ወጣ። ሥዕሎቹን የሠራው በ2024 ያረፈው የ«ድራገን ቦል» ደራሲ አኪራ ቶሪያማ ነው።

የዚያ ጨዋታ ካርትሪጅ በጠቅላላ የሚይዘው 64 ኪሎባይት ነበር። ዛሬ በስልካችን የምናነሣት አንዲት ፎቶ ከዚያ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ቦታ ከመጥበቡ የተነሣ ከጃፓን ፊደላት እንኳ የተወሰኑትን ብቻ መርጠው ነበር የተጠቀሙት። እንዲህ ባለ ጠባብ ቤት ውስጥ ስለ አንድ መንግሥት የግብር ሥርዓት ማውራት አይቻልም። «ንጉሥ»፣ «ከተማ»፣ «ማደሪያ»፣ «ዘንዶ» ብሎ ማለፍ ብቻ ነው የሚቻለው። የቀረውን ተጫዋቹ በራሱ ምናብ ይሞላዋል። አጭር ምልክት ነበረ ማለት ነው፤ እንደ መንገድ ዳር ምልክት።

ቶሪያማ ግን በዚያች ጠባብ ቦታም ውስጥ አንድ ነገር አድርጓል። በ«ዊዛርድሪ» ውስጥ ስላይም የሚባለው ፍጡር ዝልግልግ ያለ አስቀያሚ ጭቃ ነበር። ቶሪያማ ፈገግ የምትል ሰማያዊ የውኃ ጠብታ አድርጎ ሳላት። ያች ጠብታ የጃፓን ፋንታሲ የመጀመሪያዋ የራስ ልጅ ናት ማለት ይቻላል። በ1988 ሦስተኛው ክፍል ሲወጣ ልጆች ከትምህርት ቤት እየቀሩ ሱቅ በር ላይ ተሰለፉ። አንድ ትውልድ በሙሉ «ምናባዊ ዓለም» ሲባል የሚታየው ነገር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ተቀረጸ።

በዚያው ዓመት፣ በ1986፣ ሌላ ነገር ተጀመረ። «ኮምፕቲክ» የተባለ መጽሔት፣ ጓደኛሞች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ሲጫወቱ ያወሩትን ቃል በቃል ያትም ጀመር። ጨዋታውን የሚመራው ሪዮ ሚዙኖ ነበር። ከዚያ ጽሑፍ ልብ ወለድ ወጣ፤ ከልብ ወለዱም በ1990 «የሎዶስ ደሴት ጦርነት ዜና መዋዕል» የተባለው አኒሜ ተሠራ። የዚህ ታሪክ ኤልፍ ዲድሊት ትባላለች። ጠረጴዛው ላይ እሷን ሆኖ የተጫወተው ሂሮሺ ያማሞቶ የተባለ ወንድ ደራሲ ነው። ሠዓሊው ዩታካ ኢዙቡቺ ጆሮዋን ረጅም አድርጎ ሳለው። እንደዚያ የረዘመ ጆሮ በቶልኪን መጻሕፍት ውስጥ የለም። ዛሬ ግን በጃፓን ጆሮዋ አጭር የሆነ ኤልፍ ብትስሉ ሰው ኤልፍ መሆኗን አያውቅላችሁም። እንግዲህ «ባህል» የምንለው ነገር አንዳንዴ ከአንድ ሠዓሊ ብዕር ይነሣል።

የነፋሱ ሸለቆ

እስካሁን ያየነው መንገድ አንዱ ብቻ ነው። ሌላው መንገድ ቀድሞ ተጀምሮ ነበር።

ሃያኦ ሚያዛኪ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የፊልም ሐሳብ ይዞ ሲዞር «የታተመ ኮሚክ የሌለው ታሪክ ገንዘብ አይወጣበትም» ተባለ። እሱም ኮሚኩን ራሱ መሣል ጀመረ። «የነፋሱ ሸለቆ ናውሲካ» በየካቲት 1982 «አኒሜጅ» መጽሔት ላይ ጀመረች፤ ፊልሙ በ1984 ወጣ፤ ኮሚኩ ግን በ1994 ነው ያለቀው። ናውሲካ የሚለው ስም ከሆሜር የተወሰደ ነው። ነፍሳትን የምትወደው ልዕልት ሐሳብ ደግሞ ከጥንታዊ የጃፓን ተረት ነው። ይህም ሰው እንደ ቶልኪን ወሳጅ ነው እንግዲህ።

ዓለሙን እንመልከተው። ታላቅ ጦርነት ሥልጣኔን ካጠፋ ሺህ ዓመት አልፏል። ምድሪቱን መርዝ የሚተነፍስ የሻጋታ ጫካ ሸፍኗታል፤ በውስጡም ቤት የሚያካክሉ ነፍሳት ይኖራሉ። ናውሲካ የምትኖርበት ሸለቆ በሕይወት ያለው ከባሕር የሚነሣው ነፋስ መርዙን ስለሚመልስለት ነው። ስለዚህ ሰዎቹ ነፋስን ያከብራሉ፤ ውኃቸውን የሚስበው የነፋስ ወፍጮ ነው፤ ልዕልታቸውም በነፋስ የሚንሳፈፍ ክንፍ ላይ ትበራለች። ጫካ ሲገቡ ጭምብል ያደርጋሉ፤ ሲወጡ አንዲት ብናኝ ተከትላቸው እንዳትመጣ ልብሳቸውን ይፈትሻሉ። አንዲት ነገር ብቻ፣ ማለትም አየሩን፣ ለወጠና ሌላው ሁሉ ተከትሎ መጣ። ልብሱም፣ ሃይማኖቱም፣ ጦርነቱም። ሚያዛኪ ሐሳቡን ካገኘባቸው ነገሮች አንዱ በፋብሪካ ሜርኩሪ የተመረዘው የሚናማታ ባሕረ ሰላጤ ነው። የሚናማታ በሽታ በይፋ የታወቀው በ1956 ነው። በፊልሙ ውስጥ ጫካው ጠላት ይመስላል እንጂ በሥሩ መርዙን እያጣራ ምድሪቱን የሚያጠራ መሆኑን የምናውቀው ቆይተን ነው።

በ1997 የወጣው «ልዕልት ሞኖኖኬ» ደግሞ ወደ ራሷ ጃፓን ታሪክ ወረደ። ጃፓን ታሪክ ሲባል ሳሙራይና ሩዝ ገበሬ ብቻ የሚታየን ከሆነ ዮሺሂኮ አሚኖ የተባለው የታሪክ ምሁር ይቃወመናል። አሚኖ ዕድሜውን የሰጠው ለተዘዋዋሪ የእጅ ባለሙያዎች፣ ለብረት አቅላጮች፣ ለተገለሉ ሰዎች፣ ለሴቶች ታሪክ ነው። ሚያዛኪ ከእሱ ተምሯል። በፊልሙ ውስጥ ሳሙራይ ዳር ላይ ያለ አስቸጋሪ ነው፤ መሐሉን የያዘው ከአሸዋ ብረት የሚያቀልጥ የብረት ከተማ ነው። ብረት ከሰል ይፈልጋል፤ ከሰል ዛፍ ይፈልጋል፤ ዛፉ የሚገኘው አማልክት በሚኖሩበት ጫካ ነው። ጠቡ የመጣው ከዚህ እንጂ ከአንድ ክፉ ሰው አይደለም። የከተማዋ እመቤት ኤቦሺ ጫካውን ታወድማለች፤ የዚያኑ ያህል በሥጋ ደዌ የተያዙትን ታስታምማለች፣ ከሴተኛ አዳሪ ቤት የወጡትን ሴቶች ሥራ ትሰጣለች። በእውነተኛው ታሪክ ሴቶች ወደ ብረት ማቅለጫው እንዳይገቡ ክልክል ነበር። ሚያዛኪ ይህን ሆን ብሎ ገለበጠው፤ ወናፉን በእግራቸው የሚረግጡት ሴቶች ናቸው። ታሪክን የሚያውቅ ሰው ነው ታሪክን እንዲህ መገልበጥ የሚችለው።

ንጉሥ ሲሳሳት የሚታመመው ማን ነው?

ሚያዛኪን ሁሉም ያውቀዋል። በእኔ ግምት በዚህ ጉዳይ ከእሱ የማያንሱ ሁለት ሴት ደራሲዎች አሉ።

የመጀመሪያዋ ፉዩሚ ኦኖ ናት። «አሥራ ሁለቱ መንግሥታት» የተባለው ተከታታይ ልብ ወለዷ በ1992 ተጀመረ፤ አኒሜው ከ2002 እስከ 2003 በ45 ክፍል ታየ። ታሪኩ ሲጀምር የተለመደ ይመስላል፤ ዮኮ የተባለች ተማሪ ወደ ሌላ ዓለም ትወሰዳለች። የምትደርስበት ዓለም ግን ከጥንታዊ የቻይና አስተሳሰብ የተቀዳ ነው። በቻይና ንጉሥ የሚነግሠው ሰማይ ሲፈቅድለት ነው፤ ሲበድል ሰማይ ፈቃዱን ይነሣዋል ይባል ነበር። ኦኖ «ይህ ምሳሌ ባይሆንና እውነት ቢሆንስ?» ብላ ጠየቀች። በእሷ ዓለም ኪሪን የተባለ የተቀደሰ እንስሳ ንጉሡን ይመርጣል። ንጉሡ ሕዝቡን ሲበድል የሚታመመው ኪሪኑ ነው። ኪሪኑ ከሞተ ንጉሡም ተከትሎ ይሞታል። ዙፋን ባዶ ሲሆን ድርቅ ይመጣል፣ ጎርፍ ይመጣል፣ አውሬ ከመሬት ይፈልቃል።

ከዚህ አንድ ሕግ የሚወጣውን ተመልከቱ። በዚያ ዓለም ልጅ የሚወለደው ከማኅፀን አይደለም፤ ከዛፍ ላይ እንደ ፍሬ ይለቀማል። ስለዚህ ንጉሥ ዙፋኑን ለልጁ ማውረስ አይችልም፤ «የእገሌ ዘር ነኝ» ብሎ የሚነሣ ባለ ዘውድ የለም። አንድ ንጉሥ የጎረቤት አገርን ሕዝብ ለመርዳት ብሎም ቢሆን ጦሩን ድንበር ካሻገረ የሰማይ ቅጣት ይወርድበታል። ታዲያ የጎረቤትህ ሕዝብ ሲያልቅ ዝም ብለህ ታያለህ? ኦኖ መልሱን በቀላሉ አትሰጥም። ዮኮ ራሷ በመጨረሻ ንግሥት ትሆናለች። የመጀመሪያ አዋጅዋም ሰዎች በፊቷ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው እንዳይሰግዱ የሚከለክል ነው። እጅ መንሣት ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ትዕይንት ከማንኛውም የዘንዶ ውጊያ የበለጠ ይይዛል።

ሁለተኛዋ ናሆኮ ኡዬሃሺ ናት። ኡዬሃሺ ደራሲ ብቻ አይደለችም፤ በአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ላይ ጥናት ያደረገች የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ ናት። በ2014 ለልጆች ሥነ ጽሑፍ የሚሰጠውን የሐንስ ክርስቲያን አንደርሰን ሽልማት አግኝታለች። «የመንፈሱ ጠባቂ» የተባለው መጽሐፏ በ1996 ታትሞ በ2007 በ26 ክፍል አኒሜ ሆኗል። ዋናዋ ሰው ባልሳ ትባላለች፤ ዕድሜዋ ሠላሳ፣ ሥራዋ በጦር ሰውን መጠበቅ ነው። በአኒሜ ዓለም ሠላሳ ዓመት የሞላት ሴት ዋና ገጸ ባሕርይ ስትሆን ማየት ራሱ ብርቅ ነው።

የመጽሐፉ ጉልበት ግን ሌላ ቦታ ነው። ቻጉም በተባለው ትንሽ ልዑል ሰውነት ውስጥ የውኃ መንፈስ ዕንቁላል ገብቷል። የመንግሥቱ ታሪክ «የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥታችን የውኃውን ጋኔን ገድሎ አገሪቱን መሠረተ» ስለሚል ልጁ ለክብሩ ሲባል በድብቅ እንዲገደል ይወሰናል። ከንጉሠ ነገሥቱ በፊት በምድሪቱ የነበሩት ያኩ የሚባሉ ሕዝቦች ግን ሌላ ያውቃሉ፤ ዕንቁላሉ ካልተፈለፈለ ዝናብ ይቀራል፣ ድርቅ ይመጣል። ይህን ዕውቀት ያኩዎች ራሳቸው ከገዢው ሕዝብ ጋር እየተቀላቀሉ ረስተውታል፤ የቀረው በዘፈንና በበዓል ሥርዓት ውስጥ ቁርጥራጭ ሆኖ ነው። በቤተ መንግሥትም አንድ ወጣት ኮከብ ቆጣሪ የጥንቱን ጽሑፍ ሲመረምር የመንግሥቱ ታሪክ እንደተፈበረከ ይደርስበታል። እንግዲህ የልጁ ሕይወትና የአገሪቱ እህል የተንጠለጠሉት በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ታሪኩን የጻፈው ማን ነው?

የሂሮሙ አራካዋም «ፉልሜታል አልኬሚስት»፣ ከ2001 እስከ 2010 የታተመው፣ በዚህ ወገን ይቆማል። አራካዋ የሆካይዶ ገበሬ ልጅ ናት። ሆካይዶ ደግሞ ጃፓን ከአይኑ ሕዝብ የያዘችው ደሴት ነው። በታሪኩ ውስጥ በመንግሥት ጦር የሚጨፈጨፉት ኢሽቫሎች ሲታሰቡ የአይኑ ታሪክ ከኋላቸው አለ። የዚያ ዓለም አስማት ሕግ «የምታገኘው በከፈልከው ልክ ነው» ይላል። ሁለቱ ወንድማማቾች ይህን ሕግ ሲመረምሩ አገራቸው ኃይሏን የምትከፍለው በማን ደም እንደሆነ ያገኙታል።

ናሮፓ

ወደ ዘመናችን እንምጣ። በ2004 በጃፓን «ደራሲ እንሁን» የሚል ትርጉም ያለው ስም የያዘ፣ ማንም ሰው ልብ ወለዱን በነፃ የሚያወጣበት ድረ ገጽ ተከፈተ። በአጭሩ «ናሮ» ይሉታል። በ2012 አካባቢ ከዚያ የፈለቀ አንድ ዓይነት ታሪክ አገሩን አጥለቀለቀው፤ «ኢሴካይ»፣ ማለትም «ሌላ ዓለም»። አንድ ተራ ሰው በመኪና ተገጭቶ ወይም በሌላ አደጋ ይሞትና በፋንታሲ ዓለም ውስጥ ኃያል ሆኖ ይወለዳል። ወደ ሌላ ዓለም መሻገር አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1983 የወጣው «ዳንባይን»ም፣ በ1996 የወጣው «ኤስካፍሎኔ»ም አላቸው። አዲሱ ነገር ዓለሙ የጨዋታ ዓለም መሆኑ ነው። የጀግናው ጉልበትና ደረጃ በአየር ላይ በቁጥር ተጽፎ ይታየዋል። ከ1974ቱ ሰንጠረዥ የተነሣው መንገድ ዞሮ ዞሮ ሰንጠረዡን ራሱን የዓለም ሕግ አደረገው።

ጃፓናውያን አንባቢዎች ለዚህ ዓለም ስም አወጡለት፤ ናሮንና አውሮፓን አዳቅለው «ናሮፓ»። ግንቧ አውሮፓ፣ መታጠቢያ ቤቷ ጃፓን፣ ድንቿ የፔሩ። በ2016 አንድ የአጭር ልብ ወለድ ውድድር፣ በ2017 ደግሞ ካዶካዋ የተባለው ትልቅ አሳታሚ ያዘጋጀው ሌላ ውድድር፣ ወደ ሌላ ዓለም የመሻገር ታሪክ አንቀበልም እስከማለት ደረሱ።

ፍርዱ ግን ሚዛናዊ መሆን አለበት። እነዚህ ጸሐፊዎች የሚጽፉት ማታ ማታ፣ ከሥራ በኋላ፣ በነፃ ነው። አንባቢውም በባቡር ላይ ቆሞ ነው የሚያነብበው። ሁሉም የሚያውቀው ዓለም ካለ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ እንደ ተረታችን «አያ ጅቦ» ሲባል ጅቡ ሆዳምና ሞኝ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ተራኪው በቀጥታ ወደ ነገሩ ይገባል። ደግሞም ገጸ ባሕርያቱን ተመልከቷቸው። በ«ሙሾኩ ቴንሴይ» የሚሞተው ሰው የሠላሳ አራት ዓመት ሥራ አጥ ነው። ስላይም ሆኖ በሚወለደው ሰውዬ ታሪክ የሚሞተው የሠላሳ ሰባት ዓመት የድርጅት ሠራተኛ ነው። ኢኮኖሚዋ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በተቀዛቀዘች አገር «እንደገና ልወለድ» የሚል ምኞት ከየት እንደመጣ ለመረዳት ብዙ ፍልስፍና አያስፈልግም። ምኞቱ እውነተኛ ነው።

የማልቀበለው ሌላ ነገር ነው። ዕቃ ሳይመረመር ሲወረስ አብሮት የሚመጣው ድንች ብቻ አይደለም። በብዙዎቹ የናሮፓ ከተሞች የባሪያ ገበያ አለ። እዚያ የተቀመጠው «የድሮ ዘመን» ለማስመሰል ነው፤ ጀግናው ገብቶ አንዲት ልጅ ይገዛል፤ ደግ ስለሆነ ልጅቱ ትወደዋለች። በ2019 በአኒሜ የታየው «የጋሻው ጀግና» በዚህ ምክንያት ብዙ ክርክር አስነሥቷል። የባሪያ ንግድና ባርነት በሕግ የተሻሩት በ1942 በሆነበት አገር ለሚያነብ ሰው ይህ ለመድረክ ማስዋቢያ የተሰቀለ መጋረጃ አይደለም። ሰዎቹ ከየት ተያዙ? መንደራቸውን ማን አቃጠለው? ግብሩን የሚበላው ማን ነው? ደራሲው ካልጠየቀ ዓለሙ ውሸት ይሆናል፤ ውሸቱም የሚመቸው ለገዢው ነው።

ያረጀውን ዕቃ መጠየቅ

ታዲያ መፍትሔው ኤልፍና ዘንዶን ማባረር ነው? አይደለም። በቅርብ ዓመታት የወጡ ሁለት ሥራዎች ይህን አሳይተዋል።

የሪዮኮ ኩይ «ደሊሽየስ ኢን ዳንጀን» ከ2014 እስከ 2023 በ14 ቅጽ ታትሞ በ2024 አኒሜ ሆኗል። ዕቃዎቹ ሁሉ ከ«ዊዛርድሪ» ዘመን ናቸው፤ ዋሻ፣ ኤልፍ፣ ድንክ፣ ስላይም። ኩይ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ዋሻ ውስጥ ሲከርሙ ምን ይበላሉ? መልሱ «አውሬዎቹን» ሆነ። አውሬው የሚበላ ከሆነ ሥጋ አለው፤ ሥጋ ካለው እሱም የሚበላው ነገር አለ። ስለዚህ ዋሻው ሙሉ ሥነ ምኅዳር ሆነ። በራሱ የሚንቀሳቀሰው የጦር ጥሩር ውስጡ ሲፈተሽ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጡራን ተደራርበው የሚኖሩበት ቤት ሆኖ ተገኘ። አርባ ዓመት ሙሉ ስንገድላቸው የኖርናቸውን ፍጡራን ማንም እንዲህ ቀርቦ አላያቸውም ነበር። ወጥ ሥራ ከድስት የወጣው እዚህ ላይ ነው።

በ2020 የተጀመረውና በ2023 በአኒሜ የታየው የካኔሂቶ ያማዳና የጹካሳ አቤ «ፍሪረን» ደግሞ የሚነሣው ሌሎቹ ከሚጨርሱበት ነው። የአጋንንት ንጉሥ ተሸንፏል፤ ጀግኖቹ ተመልሰዋል። ፍሪረን ከሺህ ዓመት በላይ የኖረች ኤልፍ ናት፤ ከጓደኞቿ ጋር የተጓዘችው አሥር ዓመት ለእሷ ጥቂት ቀን ነው። ኀምሳ ዓመት ቆይታ ስትመለስ ጀግናው ሂመል አርጅቷል፤ ወዲያው ይሞታል። ቀብሩ ላይ ቆማ ስለ እሱ ምንም አለማወቋ ሲገባት ታለቅሳለች። ኤልፎች ረጅም ዕድሜ እንዳላቸው ከቶልኪን ጀምሮ ሁሉም ያውቃል። በሰንጠረዡ ላይ ተጽፏል። ያ ቁጥር ልቅሶ ቤት ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል ነው እነዚህ ሰዎች የጠየቁት።

ይህን ሁሉ ዘመን ተሻግረን ስናየው በአንድ ወገን «ፈጣሪዎች»፣ በሌላ ወገን «ኮራጆች» አናገኝም። ቶልኪን ከአይስላንድ ወሰደ፤ ሚያዛኪ ከሆሜር፤ ኦኖ ከቻይና፤ ኩይ ከጨዋታ። ልዩነቱ የወሰዱትን ዕቃ አገላብጠው «አንተን የሠራህ ማን ነው? በማን ወጪ?» ብለው መጠየቃቸው ነው። በራሳችን ምድር ላይ የተመሠረተ ምናባዊ ታሪክ ለመጻፍ የሚያስቡ ወጣቶች አሉ፤ የአክሱምን ሐውልት ወይም የፋሲልን ግንብ ከኋላ መስቀል ብቻውን ሥራውን ወጥ አያደርገውም፤ ያም ቢሆን ሳይጠየቅ ከተሰቀለ ናሮፓ ነው። ሐውልቱን ከተራራው ጎትቶ ያመጣው ማን ነበር? ለጎታቾቹ እህል ያቀረበውስ? የእነሱን ዘፈን ያስታወሰ ሰው አለ?

ስለዚህ የድንች ፖሊሱን ከቤት አታባርሩት። ወንበር ስጡትና ሾርባውን እየጠጣ ጥያቄውን ይቀጥል።